አነበበው፤ ታዲያ ስንት ፍሬ ይውጥ? ተጨማሪ ድጋፍ ለሚሹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እንግሊዝኛን ስለማስተማር

በ2006 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ የሕክምና ጥናት ሕሙማንን የመድኃኒት ጠርሙስ እያሳየ ሁለት ነገር ጠየቃቸው። መጀመሪያ በጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው የእንግሊዝኛ መመሪያ ምን እንደሚል እንዲናገሩ፤ ቀጥሎ በቀን የሚዋጠውን ፍሬ ቆጥረው እንዲያሳዩ። መመሪያው «ሁለት ፍሬ በቀን ሁለት ጊዜ በአፍ ይወሰድ» የሚል ነው። የማንበብ ችሎታቸው ዝቅተኛ ከነበሩት መካከል 71 በመቶ ያህሉ መመሪያውን ሳይሳሳቱ ተናገሩ። አራት ፍሬ ቆጥረው ያወጡት ግን 35 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ።

ጽሑፍን በአፍ መድገም አንድ ችሎታ ነው፤ ጽሑፉ ያዘዘውን መፈጸም ሌላ። ተጨማሪ ድጋፍ የሚሹ ተማሪዎች ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ የእንግሊዝኛ መምህራቸውን የሚገጥመው ፈተና በአብዛኛው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ የሚገኝ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተግባር ተኮር ማንበብና መጻፍ ምን ማለት ነው?

ዩኔስኮ በ1978 ያጸደቀው ትርጉም እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ አንድ ሰው በሚኖርበት ማኅበረሰብ ውስጥ ማንበብ፣ መጻፍና ማስላት የሚጠይቁ ጉዳዮችን ማከናወን ከቻለ፣ ችሎታውንም ለራሱና ለማኅበረሰቡ ዕድገት መጠቀሙን መቀጠል ከቻለ፣ በተግባር ማንበብና መጻፍ ይችላል ይባላል። ስለዚህ መለኪያው ቋሚ አይደለም። ስሙን መፈረም ይበቃው የነበረ ሰው ዛሬ የኢንተርኔት ቅጽ ይሞላል፣ የባንክ መልእክት ያነባል፣ የሥራ ውል ይፈርማል።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ለደካማ ተማሪ የተቀነሰ እንግሊዝኛ» ይመስለዋል። ግን ቀላል አይደለም። የፓራሲታሞል ማሸጊያ አንሥተን እንየው። ለአዋቂ ባለ 500 ሚሊግራሙ ፍሬ የተለመደው መመሪያ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ በአንድ ጊዜ፣ በሁለት አወሳሰድ መካከል ቢያንስ 4 ሰዓት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ እንዳይበልጥ ይላል። ቃላቱ ከባድ አይደሉም። ግን «24 ሰዓት» ማለት «ዛሬ» ማለት አይደለም። ትናንት ማታ ሁለት ፍሬ የዋጠ ሰው ጠዋት ተነሥቶ «ዛሬ ገና ምንም አልወሰድኩም» ብሎ ከዜሮ ቢጀምር እያንዳንዱን ቃል በትክክል አንብቦ መመሪያውን ስቷል። ስሌቱን፣ ሰዓቱንና «እንዳይበልጥ» የምትለዋን ቃል አንድ ላይ መያዝ አለበት። ከልብ ወለድ አንድ አንቀጽ ይልቅ ይህ ማሸጊያ የሚከብደው ተማሪ ብዙ ነው።

ተጨማሪ ድጋፍ የሚሹት እነማን ናቸው?

በአንድ ስም የሚጠሩት ልጆች እርስ በርስ አይመሳሰሉም። ዲስሌክሲያ (የተጻፈን ቃል ማንበብና መጻፍ የሚያስቸግር ሁኔታ) ያለበት፣ ኦቲዝም ያለበት፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት፣ ትኩረቱን መሰብሰብ የሚቸገር፣ መስማት ወይም ማየት የተሳነው፣ ንግግርን መረዳት ወይም መናገር የሚከብደው፣ እንዲሁም ለዓመታት ከትምህርት ርቆ የቆየ ሁሉ እዚህ ይካተታል። በ1994 በሳላማንካ ስፔን ስለ ልዩ ፍላጎት ትምህርት የወጣው መግለጫና በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 24 እነዚህ ልጆች ከእኩዮቻቸው ጋር የመማር መብት እንዳላቸው አስቀምጠዋል። የመብቱ ጥያቄ በዚህ መልስ አግኝቷል። የቀረው እንዴት ይማሩ የሚለው ነው።

እዚህ ላይ የምርመራ ስም የሚረዳው ከሚጠበቀው ያነሰ ነው። «ኦቲዝም አለበት» የሚል ወረቀት መምህሩ ነገ ጠዋት ምን እንደሚያስተምር አይነግረውም። የሚነግረው ንባቡ የት ላይ እንደሚሰናከል ማወቁ ነው።

ንባቡ የሚሰናከለው የት ላይ ነው?

ፊሊፕ ጎፍና ዊሊያም ተንመር በ1986 ያቀረቡት ሐሳብ እስካሁን ከሁሉ የሚቀለው መልስ ነው። አንብቦ መረዳት የሁለት ነገሮች ብዜት ነው ይላሉ፦ የተጻፈውን ወደ ቃል የመቀየር ችሎታና ቋንቋውን የመረዳት ችሎታ። ብዜት መሆኑን ልብ በሉ። ድምር ቢሆን አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላ ነበር። ብዜት ከሆነ ግን አንዱ ዜሮ ሲሆን ውጤቱ ዜሮ ነው።

ዲስሌክሲያ ያለበት ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚቸገረው በመጀመሪያው ነው። ሲነበብለት ሁሉን ይረዳል፣ ይከራከራል፣ ይቀልዳል፤ ወረቀቱ ሲሰጠው ግን ይቆማል። ችግሩ ማሰብ ከመቻሉ ጋር የሚያያዝ አይደለም። በተቃራኒው ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች አንዳንዶቹ ገጹን እንደ ዜና አንባቢ ያንበለብሉታል፤ ምን ተባለ ሲባሉ መልስ የላቸውም። ይህኛው ተማሪ ከፊተኛው የበለጠ ይሸውደናል፤ ጥሩ ስለሚያነብ ማንም አይጠረጥርም። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ልጅ ደግሞ በሁለቱም በኩል ድጋፍ ሊያስፈልገው ይችላል።

ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሁለት ተመሳሳይ ክብደት ያላቸው አጫጭር ጽሑፎች ይመረጡ። አንዱን ተማሪው ራሱ ያንብብና ጥያቄ ይጠየቅ፤ ሌላውን መምህሩ ያንብብለትና ይጠየቅ። ሲሰማ ገብቶት ሲያነብ ካልገባው ችግሩ ፊደልና ድምፅ ላይ ነው። በሁለቱም ካልገባው ቋንቋው ራሱ ይቀረዋል፤ ፊደል ደጋግሞ ማስጠናት አይፈውሰውም።

ሦስተኛም ነገር አለ። አንዳንዱ ልጅ ቃሉንም ይጠራል፣ ትርጉሙንም ያውቃል፤ ግን እያንዳንዱን ቃል ለማውጣት ስለሚለፋ ዓረፍተ ነገሩን መያዝ ያቅተዋል። ውሃ በእፍኝ ይዞ እንደሚሄድ ሰው ነው፤ ዳር ሲደርስ አልቋል። ለዚህ ልጅ የሚጠቅመው አንዱን አጭር ጽሑፍ ሦስት አራት ጊዜ ጮክ ብሎ እያነበበ ማፍጠን ነው። አሰልቺ ይመስላል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ራሱ ስለሚሰማው ግን ከብዙ ነገር ይልቅ ይወዱታል።

እንግሊዝኛ ለምን ይብሳል?

አማርኛ አንባቢ ለዚህ ቅርብ ነው። ፊደሉን የቆጠረ ሰው፣ የሚጠብቅና የሚላላው ነገር ቢያስቸግረውም፣ አይቶ የማያውቀውን ቃል እንኳ አንብቦ ይወጣዋል። እንግሊዝኛ ግን 26 ፊደላት ይዞ ወደ 44 የሚጠጉ ድምፆችን ይጽፋል። «ናይፍ» (ቢላዋ) ስትጻፍ የማትነበብ «ኬ» ከፊት ትቆማለች። «ኦ-ዩ-ጂ-ኤች» የተባሉት አራት ፊደላት በአንዱ ቃል «ኦፍ»፣ በሌላው «አፍ»፣ በሌላው «ኡ» ተብለው ይነበባሉ። ፊሊፕ ሲሞርና ባልደረቦቹ በ2003 ባሳተሙት ጥናት 13 የአውሮፓ ቋንቋዎችን አነጻጽረው ነበር። እንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆች የንባብን መሠረት ለመያዝ አጻጻፋቸው ወጥ የሆኑ ቋንቋዎችን ከሚማሩት ከእጥፍ በላይ ጊዜ ወስዶባቸዋል። ምንም ችግር የሌለበት ልጅ እንዲህ ከለፋ፣ ዲስሌክሲያ ያለበትን ማሰብ ነው።

ግን የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ዝም ብሎ ዝብርቅርቅ አይደለም። ድምፅን ሲከዳ ብዙ ጊዜ ትርጉምን ይጠብቃል። «ሳይን» (መፈረም) በሚለው ቃል ውስጥ የማትሰማው «ጂ» «ሲግኔቸር» (ፊርማ) ስንል ትሰማለች፤ ሁለቱ ቃላት ዘመዳሞች መሆናቸውን የምታሳየው እርሷ ናት። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይህ ትልቅ በር ነው። በመማሪያ መጻሕፍት ላይ በተሠራ አንድ የቃላት ቆጠራ «አን»፣ «ሪ»፣ «ኢን» እና «ዲስ» የተባሉት አራት ባዕድ መነሻዎች ብቻቸውን ባዕድ መነሻ ካላቸው የእንግሊዝኛ ቃላት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ላይ ተገኝተዋል። አራቱን ያወቀ ተማሪ ረጅም ቃል ሲያይ አይደነግጥም፤ ይቆራርጠዋል። የ15 ዓመት ልጅ ፊት «ኤ ፎር አፕል» ብሎ ከመቆምም ያድናል።

በዚህ ዕድሜ አይረፍድም?

የሚረፍደው ነገር ካለ ክብሩ ነው። ይህ ልጅ ብዙ ዓመት ሲሸሸግ ኖሯል። የማንበብ ተራው ሲደርስ ሽንት ቤት ለመሄድ ይጠይቃል፤ መነጽር ረሳሁ ይላል፤ ሰሌዳ ለማጥፋት ቀድሞ ይነሣል። ከሰሌዳው የሚገለብጠው ጽሑፍ ከሁሉ ያማረ ሊሆን ይችላል፤ መገልበጥ ማንበብ አይጠይቅምና። ሌላው ደግሞ ረብሻን ይመርጣል። «አላዋቂ» ከመባል «ባለጌ» ተብሎ መባረር ይሻለዋል።

ሁለተኛ ደረጃ ለሽሽግ ይመቻል። ለየትምህርት ዓይነቱ መምህሩ ይለያያል፤ የባዮሎጂው መምህር ባዮሎጂ እንጂ ንባብ ማስተማር አልተማረም፤ ሁሉም ሌላው ያስተማረው ይመስለዋል።

ስለ ዕድሜው እውነቱ ይህ ነው፦ መማር ይቻላል፣ ግን ጊዜና ድግግሞሽ ይፈልጋል። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ለረጅም ዘመን የሚሰጣቸው «መውጫ»፣ «አደጋ»፣ «ቁም» የመሳሰሉ ቃላትን እንደ ሥዕል መሸምደድ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በላይ አይችሉም ስለተባለ። ጂል አሎርና ባልደረቦቿ በ2014 ያሳተሙት ጥናት ዝቅተኛ የአእምሮ ብቃት ውጤት ያላቸውን የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች እስከ አራት ዓመት ተከታትሎ፣ ፊደልና ድምፅን በሥርዓት ሲማሩ ንባባቸው እንደሚሻሻል አሳይቷል። ልዩነቱ የፈጠነው ልጅ በወራት የሚይዘውን እነርሱ በዓመታት መያዛቸው ነው። ሁለት ሳምንት ሞክሮ «አልሆነም» የሚል መምህር ገና አልጀመረም።

የሚነበበው ነገር ምርጫ ከዘዴው አያንስም። የ16 ዓመት ወጣት ስለ ድመትና ኳስ የሚያወራ የሕፃን መጽሐፍ ከተሰጠው መጽሐፉን ከጓደኞቹ ለመደበቅ ሲል ትምህርቱን ይተወዋል። ቋንቋው ቀላል፣ ጉዳዩ ግን የወጣት የሆነ ጽሑፍ ያስፈልጋል፦ ስለ ስፖርት፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ወንጀል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ከሌለ መምህሩ የጋዜጣ ዜና አንሥቶ ዓረፍተ ነገሩን ያሳጥራል፤ ስሞቹንና ቁም ነገሩን አይነካም።

ክፍል ውስጥ ምን ይመስላል?

የሥራ ማመልከቻ ቅጽ እንውሰድ። መምህሯ ባዶውን ቅጽ በትልቁ አሳይታ፣ እያሰበች ጮክ ብላ ትሞላለች፦ «እዚህ በትልልቅ ፊደላት ጻፍ ይላል፤ ስለዚህ ስሜን እንዲህ እጽፋለሁ»። ቀጥሎ ከተማሪዎቹ ጋር ትሞላለች፤ ከዚያ ብቻቸውን ይሞክራሉ። ስህተቶቹ የሚያስተምሩት ነገር አለ። ታታሪው ተማሪ ባዶ ቦታ መተው ነውር ስለሚመስለው «ለቢሮ አገልግሎት ብቻ» የሚለውን ሳጥንም ይሞላል። ሌላው «ኔክስት ኦፍ ኪን» (የቅርብ ዘመድ) በሚለው ፊት አጠገቡ የተቀመጠውን ልጅ ስም ይጽፋል፤ «ኔክስት» (ቀጥሎ ያለ) የምትለውን ያውቃታላ! የትውልድ ቀንም ወጥመድ አለው። 4/5 ተብሎ የተጻፈው በአሜሪካ ኤፕሪል 5፣ በእንግሊዝ ሜይ 4 ነው።

ቅጹን ሞላ ማለት ግን ቅጽ መሙላት ቻለ ማለት አይደለም። ብዙ ተጨማሪ ድጋፍ የሚሹ ተማሪዎች በአንድ ቦታ የተማሩትን ወደ ሌላ ቦታ ለማሻገር ይቸገራሉ። የስም ቦታው ከላይ ወደ ግራ ሲዞር ነገሩ ሁሉ አዲስ ይሆንባቸዋል። ስለዚህ መልኩ የተለያየ ቅጽ፣ በወረቀትም በስልክም፣ በክፍል ውስጥም ከክፍል ውጭም ይደጋገማል። አንድ ቅጽ አሥር ጊዜ ከመሙላት አሥር ቅጽ አንድ አንድ ጊዜ መሙላት ይሻላል።

ትንንሾቹ ቃላት ልዩ ትኩረት ይገባቸዋል። በውልና በማስጠንቀቂያ ውስጥ የሰውን መብት የሚወስኑት «ካልሆነ በቀር»፣ «እስከ»፣ «በፊት»፣ «አይደለም» የሚሉት ናቸው። ሥዕል የላቸውም፤ ስለዚህ በካርድ አይጠኑም። «አለቃህ ካልፈቀደ በቀር ይህን በር አትክፈት» የሚል ዓረፍተ ነገር ሰጥቶ ተማሪውን በር ላይ ማቆምና «አሁን ትከፍታለህ?» ብሎ መጠየቅ ከማንኛውም መልመጃ ይበልጣል።

ፊደሉ ሳይቸግራቸው ትርጉሙ ለሚጠፋባቸው ደግሞ አንማሪ ፓሊንስካርና አን ብራውን በ1984 የሞከሩት ዘዴ አለ። የተሞከረውም በ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ ነበር። በቡድን ሆነው በየአንቀጹ አራት ነገር ያደርጋሉ፦ ያጠቃልላሉ፣ ጥያቄ ይጠይቃሉ፣ ያልገባቸውን ያብራራሉ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ይገምታሉ። መጀመሪያ መምህሩ ይመራል፤ እየቆየ መሪነቱ ለተማሪዎቹ ይለቀቃል። ለማጭበርበሪያ መልእክትም ይሠራል። «ሂሳብዎ ዛሬ ይዘጋል፤ ይህን ሊንክ ይጫኑ» የሚለውን አምጥቶ ማን ላከው? ለምን አስቸኮለኝ? ብጫነው ምን ይሆናል? ማሰኘት ነው።

መጻፍ ላይ አንድ ልማድ መተው አለበት። ስቲቭ ግርሃምና ዶሎረስ ፔሪን በ2007 የወጣቶችን ጽሕፈት የተመለከቱ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመዝኑ፣ ሰዋስውን ብቻውን ነጥሎ ማስተማር ጽሕፈትን እንደማያሻሽል አገኙ። የተሻለው ዕቅድ አውጥቶ መጻፍና ማረም፣ ማሳጠር፣ ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን ወደ አንድ ማዋሐድ ነው። ለአለቃ «ዛሬ አሞኛል፤ ነገ እገባለሁ» የሚል ሁለት መስመር ጽፎ መላክ ለአንዳንዱ ተማሪ የአንድ ወር ሥራ ነው፤ የወሩም ፍሬ ነው።

ስልኩ የሚያነብለት ከሆነ ማንበብ ምን ያደርጋል?

ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ፣ ንግግርንም ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ቴክኖሎጂ እውነተኛ እፎይታ ነው፤ ተማሪው ንባቡ እስኪስተካከል ድረስ ከታሪክና ከሳይንስ ትምህርት እንዳይቀር ያደርጋል። ግን ከላይ ያየነውን ብዜት አስታውሱ። ስልኩ የሚሞላው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። «በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ አይበልጥም» የሚለውን በጥሩ ድምፅ ቢያነብለትም ስሌቱን አይሠራለትም። ዓይነ ስውር ተማሪም እያዳመጠ ብቻ ካደገ ቃላት እንዴት እንደሚጻፉ ሳያውቅ ይቀራል፤ በጣት እየተዳሰሰ የሚነበበው ብሬል ዛሬም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በምልክት ቋንቋ ለሚግባባ ተማሪ ደግሞ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ድምፁን ሰምቶት የማያውቀው ሌላ ቋንቋ ነው፤ መነሻው የምልክት ቋንቋው ሊሆን ይገባል።

ባለቀለም ላስቲክ በገጹ ላይ ማድረግና ለዲስሌክሲያ ተብለው የተሠሩ የፊደል ቅርጾችም በሰፊው ይሸጣሉ። ንባብን እንደሚያሻሽሉ የሚያሳየው ማስረጃ ደካማ ነው። ፊደሉን ተለቅ፣ ክፍተቱን ሰፋ ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሥነ ጽሑፍስ ይቅርባቸው?

አይቅር። ቅጽ ብቻ እያነበበ የንባብ ፍቅር ያደረበት ሰው አይገኝም። ታሪኩን በድምፅ ሰምቶ፣ አጠር ባለ ቅጂ አንብቦ ስለ ገጸ ባሕሪው ከክፍሉ ጋር መከራከር የሚችል ተማሪ መብቱን አያጣ። የቃላት ሀብትና የተሰወረ ሐሳብን የመገመት ልማድ የሚመጣው በአብዛኛው ከታሪክ ነው፤ ሁለቱም ተመልሰው ውሉንና መልእክቱን ለማንበብ ይጠቅሙታል።

መሻሻሉ በምን ይታወቃል?

እንግሊዝ ውስጥ «ፋንክሽናል ስኪልስ» (ተግባራዊ ክህሎት) የሚባለው የብቃት ማረጋገጫ አምስት እርከኖች አሉት፦ ሦስት የመግቢያ እርከኖች፣ ከዚያ ደረጃ 1 እና ደረጃ 2። እንግሊዝኛው ማንበብ፣ መጻፍ፣ መናገርና ማዳመጥን ለየብቻ ይመዝናል። ጥሩ ተናግሮ መጻፍ የማይችለው ልጅ በአንድ ጥቅል ነጥብ አይደበቅም።

እንዲህ ያለ ሥርዓት በሌለበት ኃላፊነቱ የሚያርፈው ለእያንዳንዱ ተማሪ በሚወጣው የግል የትምህርት ዕቅድ ላይ ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ብዙ ዕቅዶች ይከሽፋሉ። «በዚህ ዓመት ንባቡ ይሻሻላል» የሚል ዒላማ ማንም ሊለካው አይችልም። «አይቶት የማያውቀውን የአውቶቡስ የጊዜ ሰሌዳ ሲሰጠው ቀጣዩ አውቶቡስ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ከአምስት ጊዜ አራቱን ያለ እርዳታ ይናገራል» የሚለው ግን ይለካል። ወላጅ ዕቅዱ ላይ ከመፈረሙ በፊት «ይህን እንደቻለ በምን አውቃለሁ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል።

ፈተናው ትምህርቱ ባለቀበት ቀን አይደረግ። ሳምንታት ይለፉና ያላየው ቅጽ ይሰጠው፤ ማንም አጠገቡ አይቁም። ከሞላው ወደ ቀጣዩ ዒላማ ይታለፋል። ካልሞላው የቱ መስመር ላይ እንደቆመ ወረቀቱ ራሱ ያሳያል፤ የሚቀጥለው ሳምንት ትምህርት ከዚያ መስመር ይጀምራል።